ለሸክላ የተሠራው ጠመንጃ

ጥር ገብቶ ነበር። በቦረና ቆላ ጥር ማለት ሣሩ ገለባ የሚሆንበት፣ ኩሬው ደርቆ የሚሰነጣጠቅበት፣ ጅግራ በመንጋ በመንጋ ወደቀረችው ትንሽ ውኃ የምትወርድበት ወር ነው። ለወፍ አዳኝ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ከነገሌ ተነሥተን ወደ አሬሮ በኩል የወረድነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ጋልገሎ እና አቶ ስዩም።

ጋልገሎ ዱካ አንባቢያችን ነበር። ዱብሉቅ አካባቢ የተወለደ ቦረና ነው፤ እኩያዬ፣ ከጥልቁ ጉድጓድ ውኃ ሲያወጣ ያደገ፣ ክንደ ብርቱ። አንዲት ጠጠር ከቦታዋ ብትነሣ ያያል። ወፍ ግን አይበላም፤ ወገኖቹም አይበሉም። እኔ ቆቅ ስጠብስ ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል እንጂ አብረን እንውጣ ስለው እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

አቶ ስዩም ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የአንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው ነው። ያኔ ፊት ለፊቱ አንቱ ነበር የምለው። ዛሬ «እሱ» እያልኩ ሳወራ ብትሰሙ አትቀየሙኝ፤ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎ ነው።

አሁን እናንተ «ጋሼ፣ አንድ ጠመንጃ ለቁጥቋጦ ወፍም ለሸክላ ኢላማም ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። እሱም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ከዚያ ጉዞ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሁለት ጠመንጃ ለሙከራ ይዞ ነገሌ መጣ። አንዱን ሊያስቀር፣ ሌላውን ሊመልስ ነው። «አንተ የበረሃ ሰው ነህ፤ ምረጥልኝ» አለኝ።

ሁለቱም ባለ ሁለት አፈሙዝ ናቸው፤ ፍሬ ጥይት የሚበትኑ። አንደኛው አፈሙዞቹ ጎን ለጎን የሆኑ፣ አጭር፣ ቀለል ያለ፣ ለየአፈሙዙ የየራሱ ምላጭ ያለው ነው። ጌጥ የሚባል አልነካውም። ሁለተኛው አፈሙዞቹ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩ፣ ረጅም፣ ከባድ፣ ጎኑ ላይ የሚበሩ ዳክዬዎች የተቀረጹበት፣ ምላጩ ግን አንድ ብቻ። የመጀመሪያውን ጥይት ስትተኩሱ ያው ምላጭ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ ሄድን። የሸክላ ሳህን በሞላ የሚያስወነጭፍ መሣሪያ ነበረው፤ እኔ እወረውራለሁ፣ እሱ ይተኩሳል። በአጭሩ ሲተኩስ ግማሹን ሳተ። በረጅሙ ሲተኩስ ሳህኑ አየር ላይ ዱቄት ይሆናል። እንደ ሕፃን ሳቀ።

ልዩነቱን አውቀው ነበር። ሸክላ ከየት እንደሚነሣ ታውቃላችሁ፤ ጠመንጃችሁን ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ትጠብቁታላችሁ፤ ርቆም ይሄዳል። ለዚያ ረጅምና ከባድ ጠመንጃ ሲዞር እርጋታ ይሰጣል፣ አፉም ጠበብ ስላለ ፍሬውን ሰብስቦ ሩቅ ያደርሳል። ቁጥቋጦ ውስጥ ግን ወፏ ከእግራችሁ ሥር ቡር ብላ ነው የምትነሣው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ብትሸከሙት የማያደክም፣ እሾህ የማይዘው፣ ፍሬውን ቶሎ የሚበትን አጭር ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሁለት ምላጭ መሆኑ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ጣታችሁን ወደ ሌላው ታሻግራላችሁ፤ አለቀ።

«ታዲያ ይኼ ረጅሙ ለቆቅም ይሆናል፣ አይደለም እንዴ?» አለኝ ዳክዬዎቹን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ።

የአደን መሪነት ፈቃዴ የሚታደሰው በዚያ ሰው ፊርማ ነበር። ዓይኑ የት እንዳረፈ አየሁ፤ ሊሰማ የፈለገውንም አወቅሁ።

«ይሆናል ጌታዬ። በእርስዎ እጅ ከሆነማ ለምን አይሆንም?»

ይህቺን ቃል ሳስታውሳት ዛሬም ምራቄ ይመረኛል።

እንግዲህ በጥር ያንኑ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ሌላ ጠመንጃ እንዳይያዝ ብሎ አዘዘ፤ የወደቀው ወፍ ሁሉ የእሱ መሆኑ እንዲታወቅለት ነው። እኔ የጥይት ቦርሳ ተሸካሚ ሆንኩ። ብቻ ከልማድ የተነሣ ለአውሬ የሚሆኑ ሁለት ባለ ትልልቅ ፍሬ ጥይቶች ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ከርመዋል፤ የአንደኛዋ ቂጥ ዝጎ አረንጓዴ አውጥቷል። እያየሁ ነው የያዝኳት።

ጎሕ ሲቀድ የመጣንባትን ላንድሮቨር አቁመን ላጋ ውስጥ ወረድን፤ ላጋ የሚሉት በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚፈሰውን አሸዋማ ወንዝ ነው። ነፋስ አልነበረም። አሸዋው ላይ የጅግራው ባለ ሦስት ጣት ዱካ እንደ ጥልፍ ተዘርግቷል። ጋልገሎ ጥቂት እንደሄደ ተቀመጠና አንድ ክብ ዱካ በጦሩ ጫፍ አሳየኝ። የጅግራውን ዱካ ረግጦ ነው ያለፈው።

«ቄራንሳ» አለ ቀስ ብሎ። ነብር ማለቱ ነው። «ቅድም ነው ያለፈ።»

ለአቶ ስዩም ነገርኩት። «ብናየው እንኳ እንዳይተኩሱ። ይህ የወፍ ጥይት ነው፤ ያስቆጣዋል እንጂ አይገድለውም።» እጁን አወዛወዘብኝ።

ጅግሮቹ ከግራር ሥር ተነሡ፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ። ተኮሰ። ያ የጠበበ አፍ ፍሬውን ሳይበትን እንዳለ አንዷ ላይ አፈሰሰው። የወደቀው ነገር ወፍ አልነበረም፤ ላባና ደም የተለወሰበት ጉድፍ ነው። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ቀጥሎ የተነሣውን መንጋ በሩቁ መታ፤ እዚያ ደግሞ ክንፋቸው የተሰበረ አራት አምስት ወፎች አሸዋው ላይ እየተንፈራገጡ ቀሩ። ሊያርዳቸው ይቅርና ዞር ብሎም አላያቸውም። «ሸክላ ናቸው እኮ!» እያለ ይስቃል፣ ባዶ ቀለሃውን እየጣለ ሌላ ያጎርሳል። እኔ ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ አንገት እቆለምማለሁ። እጄ እስከ አንጓዬ ደም ሆነ፣ ዝንብ ወረረኝ። አንዷ ተበጣጥሳለች፣ ሌላዋ ሳትታረድ ሞታለች፤ ለምሳ የሚሆን አንዲት ደህና ወፍ አልተገኘም።

ጋልገሎ ቆሞ አየንና «ኩን ማሊፍ?» አለኝ። «ይሄ ለምንድነው? አትበሉትም፤ ለምን ትገድሉታላችሁ?»

ጎንበስ ብዬ የሚቀጥለውን አንገት ቆለመምኩ።

ነብሩን ያየሁት የላጋው መታጠፊያ ላይ ነው። ክንፏ የተሰበረ አንዲት ጅግራ ተከትሎ መጥቶ ኖሮ በአፉ ይዟት ቁጥቋጦ ሥር አጎንብሷል፤ ከእኛ ሠላሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። ሊሄድ ነበር። ፊቱን መለስ አድርጎ አየንና ሊሄድ ነበር እላችኋለሁ። «ጌታዬ፣ ተዉት» ከአፌ ሳይወጣ ሁለቱንም አፈሙዝ ፊቱ ላይ ለቀቀበት። ነብሩ ወደ ላይ ዘለለ፣ በፊት እግሮቹ የገዛ ፊቱን ቧጠጠ፣ እየጮኸ ጥቅጥቅ ያለው እሾህ ውስጥ ገባ።

አቶ ስዩም ላብ በላብ ሆነ። «እንሂድ። በራሱ ጊዜ ይሞታል።»

ጋልገሎ በጦሩ ቀጭን መንገድ አሳየው። መንገዱ እሾሁን ታክኮ ያልፋል። «ከቀትር በኋላ ሴቶች ውኃ ይዘው በዚህ ያልፋሉ። የቆሰለ ነብር እዚህ ትተን የት እንሄዳለን?»

«እንግዲያ እናንተ ግቡ» አለና ጠመንጃውን ሰጠኝ። እሱ ወደ ላንድሮቨሯ ሄዶ በሩን ሲዘጋ ሰማሁ።

እንዲህ ሆኖ ነው ያ የመረጥኩት ጠመንጃ እጄ የገባው። ሁለቱን ጥይቶቼን አጎረስኩ። ጋልገሎ በግራዬ ጦሩን ዝቅ አድርጎ፣ ጎንበስ ብለን ገባን። በየሁለት እርምጃው እሾህ ረጅሙን አፈሙዝ ይይዘዋል፤ አንዱን ስፈታ ሌላው ይይዘኛል። ክብደቱ ክንዴን አዛለው። ደም ቅጠል ላይ፣ ደም ድንጋይ ላይ። ሽታው ቀደመን፤ የትኩስ ደምና የድመት ሽንት ሽታ። ጋልገሎ እጁን አነሣ። ቆምን።

ድምፅ አልሰማሁም። ከጋልገሎ ጎን ቢጫ ነገር ብልጭ ሲል ብቻ አየሁ። አፈሙዙን ላዞር ስል ቅርንጫፍ ያዘው፤ በጉልበት መንጭቄ ደገንኩና ሳብኩ። ቀጭ አለ። ያቺ የዛገችው ከሸፈች። እንደገና ሳብኩ፤ ምላጩ እንደ ሞተ ጣት ልል ሆኖ ተከተለኝ፣ ምንም የለም። ሁለተኛው አፈሙዝ ጎርሷል፣ ደህና ጥይት አለበት፣ ምላጩ ግን አልተሻገረም። ነብሩ ጋልገሎን ጥሎ ግራ ክንዱን አፉ ውስጥ ከቶታል። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት።

ምን እንዳደረግሁ ሳላስብ በሰደፉ የነብሩን ወገብ እንደ ሙቀጫ ወቀጥኩት፣ ሁለት ጊዜ። ወደ እኔ ዞረ። ዓይን አልነበረውም፤ በዓይኑ ቦታ የወፍ ጥይት የበጣጠሰው ሥጋ ብቻ። አፈሙዙን ደረቱ ላይ ተክዬ ተስፋ ቆርጬ ሳብኩ። ተተኮሰ።

በኋላ አንድ የጠመንጃ ጠጋኝ ነገረኝ። ያ ዓይነት ምላጭ ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ወደ ኋላ በሚመታው ኃይል ነው። ጥይቱ ከከሸፈ የሚመታ ኃይል የለም፤ ምላጩም አይሻገርም። ሰደፉ የነብሩን አጥንት ሲመታ ነው የተሻገረው። ሸክላ ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ ሸክላ ተመልሶ አይመጣባችሁማ።

የጋልገሎን ክንድ በሸማዬ አስሬ ደግፌ አወጣሁት። አቶ ስዩም ተኩሱን ሰምቶ ከመኪናው ወርዶ ነበር። ወደ ጋልገሎ አልሄደም። ነብሩን ጎትቼ እንዳወጣው አዘዘኝ፤ እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጎተትኩት። እግሩን ነብሩ ላይ አድርጎ፣ ጠመንጃውን ደገፍ ብሎ ፎቶ እንዳነሣው ካሜራውን ሰጠኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱን አኮሳተረ። «ቆዳውን አበላሸኸው» አለኝ።

ካሜራውን መልሼለት ወደ ጋልገሎ ሄድኩ። ጋልገሎ በሰው ፊት እንዳይጮህ የጦሩን እጀታ ነክሶ ተቀምጧል።

ሐኪም ቤት ከረመ፤ ክንዱ ተረፈ። ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲያ አልተጨበጡም። በሚቀጥለው ዓመት ዱብሉቅ ሄድኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። ጋልገሎ ከላይ ቆሞ ከብት ያስጠጋል፤ ባልዲ በአንድ እጅ አይያዝማ። «አካም፣ ናጋ?» ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። አጠገቡ ተቀመጥኩና ያልጠየቀኝን ነገር ነገርኩት። ስለ ሁለቱ ጠመንጃዎች፣ ስለ ፈቃዴ፣ ስለዚያች የዛገች ጥይት፣ «ይሆናል ጌታዬ» ስላልኩት።

«ጠመንጃው መጥፎ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«ለዚያ ቦታ መጥፎ መሆኑን አውቅ ነበር።»

የጠጡትን ከብቶች አሰናብቶ ሌሎቹን አስጠጋ።

«እንዲያ ከሆነ» አለኝ በመጨረሻ፣ ሳያየኝ፣ «እኔን የነከሰኝ ነብሩ አይደለማ።»

ዛሬም ስንገናኝ ልጆቼን በስም በስማቸው ይጠይቀኛል፤ ወተት ሳያጠጣኝ አይሸኘኝም። ጫካ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አብሮኝ ገብቶ አያውቅም። እኔም አብረን እንግባ ብዬ ለመጠየቅ አፍ አላገኘሁም።