ሳልታመም የተጠየቅሁ ሰሞን

ወንበሩ አብሮኝ ተነሳ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ጎፋ ውስጥ፣ ከእኛ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ካለው መንደር ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ከእድራችን አባላት አንዷ ባሏ ሞቶባት ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሦስቱ ቀን ውስጥ እህል አልቀመሰችም፣ ቃልም አልወጣትም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትውላለች። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ከተደረደሩት ባለ እጀታ የፕላስቲክ ወንበሮች በአንዱ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጬ ስነሳ፣ ወንበሩ ወገቤን እንደ ጠባብ ቀለበት ይዞ አልለቅም አለ። ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ስላት አራቱም እግሩ ከኋላዬ አየር ላይ ነው። ሁለት ሴቶች ከኋላ ይጎትቱ ጀመር። ሐዘንተኛዋ ቀና አለች፤ አየችኝ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ልቅሶ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። ድንኳኑ ሁሉ ተከተላት። ወንበሩ ሲለቀኝ ደግሞ ሳቋ ወደ እንባ ተለወጠና ያን ሁሉ ቀን ያልወጣላት ልቅሶ ወጣላት። በኋላ ሴቶቹ «ያጽናናሻት አንቺ ነሽ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ቁም ሳጥኑ ላይ ባለው መስታወት ፊት ቆምኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ወደ ጎን ዞሬ ራሴን አየሁ።

ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ ሥራው መቀመጥ ነው። ጡረታ ስወጣ መቀመጡን ወደ ቤቴ ይዤው መጣሁ። ጉልበቴን ያየው ሐኪም «እናቴ፣ ክብደት ይቀንሱ» ካለኝ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ግን ብርድ ነው ብዬ ፎጣ እጠመጥምበት ነበር።

መስቀል አልፎ በመጣው እሁድ፣ ብስራተ ገብርኤል የምትኖረው ልጃችን ልትጠይቀን መጣች። የወንበሩን ነገር ነገርኳት። እንደ ሌሎቹ አልሳቀችም።

«እማዬ፣ መፍትሔ አለው፤ እኔም ሰሞኑን ጀምሬዋለሁ። የምትበዪውን አትቀንሺም፤ የምትበዪበትን ሰዓት ነው የምትቀንሺው። ለስምንት ሰዓት ትበያለሽ፣ ለአሥራ ስድስት ሰዓት ትጾሚያለሽ።»

«ስምንት ሰዓት ሙሉ?» አለ ባለቤቴ ደንግጦ። «ማነው ስምንት ሰዓት ሙሉ የሚበላ?»

«በዚያ መሀል ማለቴ ነው አባዬ።»

«ሥጋስ ይበላል?»

«ይበላል።»

«ቅቤ?»

«በልኩ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ጾሙ?» አለና ነገሩን ወደደው።

ልጄ እንዳልረሳው ብላ ወረቀት ላይ «ከ12 እስከ 8» ብላ ጻፈችና ፍሪጁ ላይ ለጠፈችልኝ። እኔም የታዘዝኩትን የምፈጽም ሰው ነኝ። በማግስቱ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ ተነስቼ ቁርስ በላሁ። ምሳም በጊዜ በላሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አፌን ዘጋሁ። ሲመሽ ራቡ መጣ። እራት የለም። እኔ ካልበላሁ ደግሞ የሚሠራ የለም፤ ባለቤቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ አገሩን ዳር እስከ ዳር ያዳረሰ ሰው ነው፤ ወደ ወጥ ቤት የሚወስደውን መንገድ ግን አያውቀውም። ከምሳ የተረፈውን ቀዝቃዛ ወጥ በዳቦ እየነካካ፣ እየቃኘኝ ሳምንቱን ገፋ።

በሳምንቱ ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ ቁርስ መዝለሉ በጣም ከበደሽ?»

«ቁርስማ እየበላሁ ነው። የከበደኝ እራቱ ነው።»

«እማዬ! በፈረንጅ ሰዓት እኮ ነው የጻፍኩት!» አለች።

እሷ ያለችው ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ኖሯል። አስተካከልኩ። እራት ወደ ቤታችን ተመለሰ፣ ቁርስ ወጣ። ባለቤቴ የሰማውን ማመን አቃተው።

ጠዋት የሚፈቀድልኝ ስኳር የሌለው ሻይ ብቻ ነው። እኔ ስኳር የሌለው ሻይ የማውቀው ስኳር ከሱቅ የጠፋ ጊዜ ነው። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ደህና ነኝ። ከዚያ በኋላ የሕንጻው ሽንኩርት በሙሉ እኔ አፍንጫ ሥር ይጠበስ ይጀምራል። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያለውን ጊዜ አልጋ አነጥፌ፣ መልሼ አንጥፌ፣ ጎመን ቀንጥሼ፣ ግድግዳ ሰዓቱን እያየሁ አሳልፈዋለሁ። ባትሪው የደከመ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ።

ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤቴ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ትውልዷ ቡታጅራ ነው፤ ሙስሊም ናት፤ በጾም ነገር ደግሞ የማትታማ። አንድ ጠዋት ሳንቡሳ ይዛልኝ መጥታ እምቢ ስላት ምስጢሬን ማውጣት ግድ ሆነ።

«ቆይ እስቲ» አለችኝ ወገቧን ይዛ። «እኛ በረመዳን ሌሊት ተነስተን ስሑር በልተን እንጾማለን፣ ሲመሽ ሰብሰብ ብለን እናፈጥራለን። አንቺ ያለ ስሑር፣ ያለ ሶላት፣ ብቻሽን... ለማን ነው?»

«ለዳሌዬ ነው» አልኳት።

ሳቋ ደረጃው ድረስ ተሰማ። ግን ወላሂ ለማንም አልናገርም አለች፤ አልተናገረችምም። ማስወራቱን እኔም አልፈለግሁም። በእኛ ጊዜ «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» ምርቃት ነበር። እኩዮቼ ፊት ቆሜ ለመክሳት ብዬ ራሴን አስርባለሁ ማለት አሳፈረኝ።

አንድ ወር ከምናምን ሲሆነኝ ቀሚሶቼ ይሰፉኝ ጀመር። ጉልበቴም ደረጃው ላይ መንጫጫቱን ቀነስ አደረገ። እኔ ደስ ሲለኝ ሰው ይደነግጥ ጀመር። መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዲት የእድራችን ሴት ጉንጮቼን በሁለት እጇ ይዛ «ምን ሆንሽብኝ? ፊትሽ እንዲህ ይግባ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ።»

«ደህና ነኝ ትላለች» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ደህና ነኝ ባልኩ ቁጥር ሕመሜ ይጸና ነበር።

ኅዳር እንደገባ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ተንኳኳ። እኔ ራቤን ለመቆጠብ ሶፋ ላይ ጋደም ብያለሁ። ባለቤቴ ከፈተ። ሦስት የእድር ሴቶች በእግራቸው ጫፍ እየረገጡ ገቡ። አንዷ በፎጣ የተጠቀለለ ገንፎ፣ ሌላዋ ብርቱካን፣ ሦስተኛዋ ጭብጦ የሚያክል የሐዘን ፊት ይዛለች።

«እግዜር ይማርሽ። አትነሺ፣ አትነሺ!»

ገንፎው ተገለጠ። መሀሉ ላይ ቅቤው በርበሬ ለብሶ ያበራል። አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ዓይኔ ከገንፎው ወደ ሰዓቱ፣ ከሰዓቱ ወደ ገንፎው ተመላለሰ።

«አንድ ማንኪያ ብቻ፣ በሞቴ!» አለች ያመጣችው።

«በኋላ... በስድስት ሰዓት» አልኩ በደከመ ድምፅ።

ተያዩ። «መድኃኒቱ በሰዓት ነው እንዴ?»

መልስ ሳልሰጥ ባለቤቴ ቀደመኝ። «አዎ፣ በሰዓት ነው የታዘዘላት» አለ ራሱን እየነቀነቀ። ከዚያም «እንዳይበርድ» ብሎ ማንኪያ ይዞ ገንፎው አጠገብ ተቀመጠ። ሴቶቹ ሲወጡ የሳህኑ ወለል ይታይ ነበር።

«አንተ! ምን ብለህ ነው የምትዋሸው?»

«ምን ዋሸሁ? ሐኪም ክብደት ቀንሺ አላለሽም? ሰዓትስ አልተሰጠሽም?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥየቃው ቀጠለ። ሰኞ ድፎ ዳቦ መጣ። ማክሰኞ የዶሮ ሾርባ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ አጥሚት። ሁሉም ጠዋት ጠዋት ነው የሚመጡት። ባለቤቴ ሁለት ሰዓት ላይ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ ይጠብቃቸዋል፤ በሩ ሳይንኳኳ ይከፍታል። የእኔ ጉንጭ እየጎደለ የእሱ ይሞላ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቴ እየተንደረደረች ገባች። ባለቤቴ ቤት አልነበረም።

«አንቺ፣ ባልሽ ግቢው በር ላይ ለእድሩ ጸሐፊ ምን እንደሚለው ታውቂያለሽ? ‹እህል አልቀምስ ካለች ሰነበተች፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት› ይለዋል! ፊቱን ብታዪው! ሳቄን ለመዋጥ ዞሬ የሰው መኪና ስመለከት ቆየሁ።»

ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅሁት። ካደ፣ አንገራገረ፣ በመጨረሻ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠዋት በልቼ የወጣሁ ሰው ነኝ» አለ። «በመጀመሪያው ሳምንት እራቴን ወሰድሽ፣ በሁለተኛው ቁርሴን። ማን ጠየቀኝ? እኔ አልወፈርኩ፣ ወንበር አልተጣበቀብኝ!»

እውነቱን ነው፤ አልጠየቅሁትም። ግን ይቅርታ ልበለው ወይስ በማማሰያ ልበለው ገና ሳልወስን በሩ ተንኳኳ።

የንስሐ አባቴ ናቸው። ሦስት ፎቅ ወጥተው እያለከለኩ ነው፤ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል። ከኋላቸው አራት የእድር ሴቶች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው።

«ልጄ፣ እንዲህ ሆነሽ ለእኔ አይነገረኝም?» አሉ በሐዘን። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው ጸሎት ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ጣራውን ያያል።

«አባታችን፣ አልታመምኩም» አልኩ።

«በሽተኛ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አለች አንዷ ከኋላ።

«እውነቴን ነው። ለመክሳት ብዬ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት አልበላም።»

የንስሐ አባቴ መስቀሉን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከማታ ሁለት ሰዓት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። አንድ እጅ አልበቃቸውም፤ ጠርሙሱን ለአንዷ ሴት ሰጥተው በሁለቱም እጅ ቆጠሩ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ፣ አባ።»

«ጨጓራሽስ?»

ይኼን ነው የፈራሁት። ለስንት ዓመት ጾም በገባ ቁጥር ጨጓራዬን ምክንያት አድርጌ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጾም ፍርፍሬን ስበላ ኖሬያለሁ። ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆይ እኔ ጠግቤ እቀመጣለሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ የንስሐ አባቴ ፊታቸው ሳይፈታ። «ድነሻላ! እንግዲያው የነቢያት ጾም ሊገባ ቀናት ነው የቀሩት። ዘንድሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾሚያለሽ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ከአንዷ በስተቀር። ገንፎ ያመጣችው ወደ ባለቤቴ ዞረች። «ጋሼ፣ ታዲያ ያን ሁሉ ለጋ ቅቤዬን ማን በላው?»

የንስሐ አባቴም አዩት። «አንተስ? ምን ስትሆን ነበር?»

«እኔማ» አለ ድምፁ እየሰለለ፣ «አብሬያት ስጠየቅ ነበር።»

አሁን የንስሐ አባቴም ሳቁ። ጠርሙሱን መልሰው ተቀብለው «ይህን ተሸክሜ ሦስት ፎቅ አልወርድም» አሉና ሁላችንንም ረጩን፤ ባለቤቴን ሁለት ጊዜ።

የገንፎዋ ባለቤት ለሦስት ሳምንት ያህል በአገጯ ብቻ ነበር ሰላም የምትለኝ። ከዚያ አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ «ከማታ ስንት ሰዓት ነበር ያልሽኝ?» አለችኝ።

ነቢያትን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኔ ይጨልም ነበር። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያሉት ሦስት ሰዓቶች ከዚያ በፊት ካሉት ሁሉ ይረዝማሉ። ነገር ግን ያኛውን ስጾም ከግድግዳ ሰዓት ጋር ብቻዬን ነበርኩ፤ ይኼኛውን ስጾም ደረጃው ላይ የማገኛት ሴት ሁሉ ከንፈሯ እንደኔው ደርቋል። «ስንት ሰዓት ሆነ?» ስላት ከእኔ ቀድማ ታውቀዋለች። በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ፤ ለዳሌዬ የቻልኩትን ለነፍሴ አልችልም ስል መኖሬን አሰብኩት። ይቅርታም ጠየቅሁ፤ ባለቤቴን ጭምር።

እሱ አሁን ቁርሱን ራሱ ይሠራል። የመጀመሪያው ፍርፍር አርሮ ጭሱ ጎረቤቴን አስሮጣት። አሁን ተሽሎታል፤ በርበሬ ያበዛል እንጂ። ይባስ ብሎ እኔ ሽንኩርት ሳቁላላ ከኋላዬ ቆሞ «እሳቱን ቀንሺው» ማለት ጀምሯል።

ለገና ሚዛን ላይ ስወጣ ስምንት ኪሎ ቀንሻለሁ። በበዓሉ ሳምንት ሁለቱ ተመልሰዋል፤ ስድስቱ እስካሁን አልመጡም።

በገና ዕለት ልጃችን መጣች። ዶሮው ቀርቦ እየበላን ሳለ ትዝ አለኝና «አንቺስ፣ ጾምሽ እንዴት ነው? ስንት ቀነስሽ?» አልኳት።

ጉርሻዋን አላምጣ እስክትውጥ ቆየች።

«እኔማ እማዬ፣ ሳልነግርሽ... በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት። ራሴን ያመኛል።»

«እና እስካሁን ዝም ትያለሽ?»

«በርትተሽ ሳይሽ ላዳክምሽ አልፈለግሁም።»

አባቷ እጁን እየላሰ «ራስ ያማል እኮ! እኔ አላልኩም?» አለ። እኔም ከወጡ እንቁላል አውጥቼ ልጄ ፊት አደረግሁላት።