የአዳሙ ቤት አምፖል

እንጅባራ ክረምት ሲገባ እርጥበቱ የማይደርስበት ቦታ የለም፤ መጽሐፍ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ የሰው ጉልበት ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ትናንት ከሰዓት ልጄ ናቲ የራሱን አሮጌ ፕሌይስቴሽንና ከጓደኛው የተዋሰውን አዲሱን ከቴሌቪዥኑ ሥር ደርድሮ አንዱን እያጠፋ ሌላውን ሲያበራ፣ በሞቀ ፕላስቲክ ላይ የሚጠበስ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። «አባዬ፣ ግራፊክሱን እየውማ፣ የቱ ይበልጣል?» አለኝ። መነጽሬን ጠረግኩ፣ ጠጋ አልኩ፣ ራቅ አልኩ፤ ኧረ ወዲያ፣ ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው! የሣሩን ጫፍና የተጫዋቹን ላብ እያሳየ ሲሟገተኝ ድክም አለኝ። እንዲህ ያለውን ዳኝነት ከተውኩት ቆይቻለሁ።

ያደግሁት ዳንግላ ነው። የክፍል ጓደኛዬ አዳሙ፣ እናቱ እትዬ ጥሩነሽ በለቀቁለት የመንገድ ዳር ክፍል ጌም ያጫውት ነበር፤ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ደብተሩም ጫማውም የሚወጣው ከዚያች ክፍል ነው። ዕቃው አንድ ያረጀ ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ከጣሪያው የተንጠለጠለ አምፖል ብቻ ነበር። አዳሙ ማሽኑንና ቴሌቪዥኑን አንድ ላይ የሚያበራውን ማብሪያ ሲጫን አምፖሉ ቢጫ ይሆንና ፍዝዝ ይላል፤ እኛም ወንበሩ ላይ እንደተጣበብን «ጉልበት እኮ ነው!» እንባባላለን። የማሽን ኃይል የሚለካው በዚያ ነበር፤ አምፖል የበለጠ ያደበዘዘ እርሱ ጀግና ነው። ግምጃ ቤት ከተማ የሚኖረው ያክስቴ ልጅ የእነርሱ ሰፈር ማሽን አምፖሉን ጨርሶ ያጠፋል ብሎን ሳምንቱን በቅናት ስንቃጠል ከረምን፤ የሰፈሩ መብራት ሄዶ እንደሆነስ ብሎ ያሰበ አንድም ልጅ አልነበረም።

ከዚያ መናኸሪያው አጠገብ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተ፤ ማሽኑም አዲስ የወጣው፣ ጥቁሩ። ሲበራ አምፖሉ ንቅንቅ አይልም። ግማሹ ልጅ «ጉልበት የለውም» አለ፤ ግማሹ ደግሞ ምስሉ ልዩ ነው እየተባለ ልቡ ሸፈተ። ክርክሩ አልበርድ ሲል እኔን ዳኛ አድርገው ላኩኝ፤ ከክፍል አንደኛ የምወጣ ስለነበርኩ፣ እኔ ይሻላል ያልኩት ቤት ሁሉም ሊሄድ ተስማማ። አዳሙ በሩ ድረስ ሸኘኝና «የኛ ይበልጣል በላቸው፣ አደራህን። ልጆቹ ከቀሩ እማዬ ቆላ አጎቴ ዘንድ ልትሰደኝ ነው፤ ትምህርቴም አበቃ» አለኝ። እሺ አልኩት። አፌን ሞልቼ ነው እሺ ያልኩት።

ሄጄ አየሁ። ኳስ ሲነካው መረቡ ይወዛወዛል፣ ተጫዋቹ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ዝናብ ሲዘንብ ማልያው ይጨልማል። ባለቤቱንም ስለ አምፖሉ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ስመለስ የአዳሙ ቤት ጢም ብሎ ይጠብቀኛል። እንደ ወትሮዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እርሱ ጆይስቲኩን ይዟል፣ እኔ ዐይኔን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክያለሁ። እሺታዬ የት እንደገባ እንጃ፣ ማወቄ ብቻ አፌ ላይ መጣ። ማሽኑን ነቅዬ ቴሌቪዥኑን ብቻውን ባበራው አምፖሉ ያው ፍዝዝ አለ። «አያችሁ? ጉልበቱ የዚህ የአሮጌው ቴሌቪዥን ነው። የማሽኑ ኳስ ተጫዋቾችማ ፊታቸው በመጥረቢያ የተጠረበ ነው!» ብዬ ጨመርኩበት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጆቹ ብድግ ብለው ወደ መናኸሪያው ሮጡ፤ እኔም፣ አፈር ልብላ፣ አብሬያቸው ሮጥኩ።

የገና በዓል ሳይደርስ አዳሙ ቆላ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እትዬ ጥሩነሽ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እንደ ድሯቸው «ደህና ነህ ልጄ?» ይሉኛል፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የተናገርኩት እውነት ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩት፤ አሁን መሸንገሉም ሰልችቶኛል። እነዚያን ሁለት ማሽኖች ዛሬ በነጻ ቢሰጡት ናቲ ዞር ብሎ አያያቸውም።

ናቲ አሁንም የቱ ይበልጣል ይለኛል። ዐይኔን ስጨፍን እነዚያ የተጠረቡት ፊቶች ጥርት ብለው ይመጡልኛል፤ ዘጠኝ ቁጥሩ አፍንጫ እንኳ አልነበረውም። የአዳሙን ፊት ግን ፈልጌ አጣሁት። ሁለት ዓመት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠናል፤ ሳቁ አለ፣ ጎል ሲገባ ጎኔን የሚጎስመው ክርኑ አለ፣ ፊቱ የለም። ያን ቀን ስናገርም ዞር ብዬ አላየሁትም፤ የማየው ቴሌቪዥኑን ነበር።