አባ ዳማን የጠራሁ ዕለት

ከሲሬ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጉብታ አለች። ዛሬ ጤፍ ይዘራባታል። በጣሊያን ዘመን ግን ጠላት መትረየስ ጠምዶባት መንገዱን ዘግቶብን ነበር። ልጆቼ፣ ስለ እሷ ስትጠይቁኝ ወሬ የምለውጠው ስለረሳሁ አይደለም።

ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ጉብታዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ትያዝ። ሠላሳ አንድ ነበርን። ድምፄ ጎላ ያለ ስለሆነ አለቃችን ባላምባራሱ «አንተ ከድንጋዩ ጀርባ ሆነህ ሰዉን አደፋፍር» አሉኝ። ማደፋፈር በእኛ ዘንድ ዝም ብሎ መጮህ አይደለም፤ የተዋጊውን አባት በፈረሱ ስም ትጠራለህ። ይህ ስም ተጠርቶ ተኝቶ የቀረ ሰው ከእንግዲህ ገበያ አይወጣም።

አብሮ አደጌ ገመቹ አጠገቤ ተኝቷል። ወባ ከያዘው ሦስት ቀኑ ነው፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«ማሎ፣ ወንድሜ» ብሎ ለመነኝ፤ «ዛሬ ጉልበቴ ከድቶኛል። የአባቴን ስም አትጥራብኝ።»

«አይዞህ፣ አልጠራም» አልኩት።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባላምባራሱ እጃቸውን አነሱ። የፊተኞቹ ሦስት ሰዎች ተነሱ፤ ሦስቱም ወደቁ። ሌላው መሬት ላይ ተለጠፈ። ጭጋጉ እየገፈፈ ነበር፤ ጨርሶ ከገፈፈ ማለቃችን ነው።

«አደፋፍር እንጂ! ምን ይዘጋሃል?» ብለው ጮኹብኝ።

ሁለት ስም ጠራሁ፤ የሚነሳ ጠፋ። በሲሬ ከአባ ዳማ የሚበልጥ ስም አልነበረም። እሳቸው ደግሞ የገመቹ አባት ናቸው።

«የአባ ዳማ ልጅ!» አልኩ።

ገመቹ አንዴ አየኝ። ከዚያ ተነሳ። እሱን ያየ ሁሉ «ጀባዱ! በርታ!» እየተባባለ ተከተለው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጉብታዋን ያዝን።

ዘጠኝ ሰው ቀበርን። ገመቹን ያገኘነው ከመትረየሱ አሥር እርምጃ ሲቀረው ወድቆ ነው። በሦስተኛው ቀን አባቱ ቤት ለቅሶ ደረስኩ።

«ስሜን ማን ጠራ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ወዲያው ተነሳ?»

«ወዲያው ተነሳ።»

እንባቸውን ጠርገው መረቁኝ። አትጥራብኝ ማለቱን ሳልነግራቸው ሞቱ።

ሰው ማደፋፈር ክፉ ነው አልልም። ያን ጠዋት ባይነሱ ኖሮ የተረፍነው ሃያ ሁለታችንም እዚያው በቀረን ነበር። ዛሬ ግን ወጣቶችን «በርቱ፣ ወደፊት!» የሚል ድምፅ ስሰማ፣ ባዩ የት እንደቆመ ዞር ብዬ አያለሁ። እኔ ያን ጊዜ ከድንጋዩ ጀርባ ነበርኩ።