ስካይዌይ የሠራነው የፈረንሳይ ቤተ ክርስቲያን

አዲስ ካርቶን ስከፍት የሚወጣው ሽታ ሁልጊዜ አሜሪካ፣ ስካይዌይ ሰፈር ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አስተማሪዬ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ የአንድ የፈረንሳይ መንደር ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ሰጥታኝ፣ ሞዴሉን ሠርቼ እንዳመጣ አዘዘችኝ። አባቴ ኦበርን ከተማ ከሚሠራበት መጋዘን ባዶ ካርቶኖች አመጣልኝ። አገር ቤት ሳለ ግንበኛ ነበር።

ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስዶ ብዙ ካየው በኋላ፣ "ይሄ ግድግዳ የአንድ ዘመን ሥራ አይደለም" አለኝ። "የታችኛው ድንጋይ ሻካራ ነው፤ የላይኛው ግን ለስላሳ። ከሥር የጀመሩት ሰዎች ጣሪያው ሲከደን ሳያዩ ነው የሞቱት።"

"ሶ ለምን ጀመሩት?" አልኩት፣ እንግሊዝኛ እየቀላቀልኩ።

"ለሚመጣው ነዋ።"

"ማነው የሚመጣው?"

ሳቀና "አንቺ" አለኝ። ፈረንሳይ የምንሄድ መስሎኝ ምን ልብስ እንደምይዝ ማሰብ ጀመርኩ።

በኋላ ግድግዳውን በሙሉ አንድ ቀለም ልቀባው ስል እጄን ያዘኝ። "ተይው፣ የሁሉም እጅ ይታይ።" የታችኛውን ካርቶን ልጣጭ አብረን ገፍፈን ሻካራ አደረግነው።

አባቴ አሜሪካ ውስጥ አንድም ግድግዳ ሳይገነባ ጡረታ ወጣ። እኔ የሕንፃ መሐንዲስ ሆንኩ። ባለፈው ወር ቤልቪው ከተማ ወስጄ የመጀመሪያ ሕንፃዬን አሳየሁት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማዕዘኑን ከታች እስከ ላይ ተመለከተ፤ ከዚያ በመዳፉ ዳሰሰው።

"ቀጥ ብሏል" አለ።