የምድር ቤቱ አቧራ

የባቡር ጥገናው ጋራዥ ሲዘጋ ኦርቪል ስታድለር ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር አሮጌው የብረት መቅረጫ ቶርኖ ማሽን ነበር። በቁራጭ ብረት ዋጋ ለቀቁለት፤ እሱም በጎረቤት ጉልበት አስጎትቶ ከቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት ውስጥ፣ ከማሞቂያው ምድጃ አጠገብ ተከለው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤት አቆሸሽክ ብሎ የሚቆጣው ሰው አልነበረም።

የአሜሪካ ግዛት በሆነችው ሞንታና ውስጥ፣ እሱ እንደሚኖርባት ዴልማን ባለች ከተማ፣ በረዶው አልነሳ ባለበት ወራት ወንዱ ሁሉ እርሳስ እያቀለጠ፣ ፎርማ ውስጥ እያፈሰሰ፣ የጠመንጃውን አረር ራሱ ይሠራል። አሮጌ ጠመንጃ ግን ውስጡ በየራሱ መንገድ ነው የሚያልቀው። ከአንድ ፎርማ የወጣ አረር ለአንዱ ሲሰፋ ለሌላው ይጠባል። ኦርቪል ለየጠመንጃው ልክ የሆነ የብረት ቀለበት ይሠራል፤ አረሩ በዚያ ቀለበት ተገፍቶ ሲያልፍ ትክክለኛ ውፍረቱን ይዞ ይወጣል። ባለጠመንጃው በአፈሙዙ ገፍቶ ያሳለፈውን ለስላሳ እርሳስ ይልክለታል፤ ኦርቪል ለክቶ ብረቱን ይበሳል፤ ከዚያ ቀዳዳውን መስታወት እስኪመስል በዘይትና በደቃቅ የብረት መወልወያ ዱቄት ሲያሽ ይውላል። ሳይሞክረው የሚልከው ቀለበት አልነበረም። ለመሞከሪያ የሚሆነውን አረር እዚያው ያቀልጣል፣ እዚያው ያፈስሳል።

የልጅነት ጓደኛው ሌስተር ምድር ቤቱ በገባ ቁጥር ያስላል።

“አንተ ሰው፣ መስኮት እንኳ አትከፍትም?”

“ብርዱን አንተ ልትችልልኝ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ስተነፍሰው ኖሬ ምን ሆንኩ?”

“አንተማ ድሮም ደደብ ስለሆንክ አይታወቅብህም!”

ይሳሳቃሉ። መስኮቱ እንደተዘጋ ይቀራል።

የኦርቪል ሴት ልጅ ዳርሊን ባሏ ጥሏት ሲሄድ ሕፃኗን ኮሪንን ታቅፋ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ኮሪን ገና መዳህ ጀምራ ነበር። ኦርቪል ደስታውን አልቻለውም። ማታ ማታ ሽርጡን ሳይፈታ ወደ ላይ ወጥቶ ያቅፋታል፤ ጣቱን ስትጠባ ዝም ይላታል። ማሞቂያው የምድር ቤቱን አየር ስቦ ሳሎን ወለል ላይ ባለው የብረት ወንፊት ይተፋል። ሙቀቱ የሚወጣው እዚያ ስለሆነ ኮሪን ከዚያ ወንፊት ላይ አትነሳም፤ አሻንጉሊቷን እዚያ ታስተኛለች፣ ብስኩቷንም እዚያ ትበላለች።

በሁለተኛው ክረምት ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። “እማ”፣ “ውሻ”፣ “በረዶ” ትል የነበረችው ልጅ ቃላቷ አንድ በአንድ ጠፉባት። ዳርሊን ሐኪም ቤት ወስዳት የተመለሰች ዕለት ካፖርቷን ሳታወልቅ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች።

“ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኘ፣ አባዬ። ‘ቤታችሁ እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው አለ ወይ?’ አለኝ ዶክተሩ።”

ኦርቪል ማሽኑን አጠፋ። “እኔ እኮ የምሠራው ብረት ነው። እርሳሱ ለሙከራ ያህል…”

“ለሙከራ? በልጄ ላይ ነዋ የሞከርከው!”

ምሽቱን ሳትጠብቅ ሻንጣዋን መኪና ላይ ጭና ስፖካን ከተማ ወዳለችው አክስቷ ነዳች። ኦርቪል በረንዳው ላይ ቆሞ ቀረ። ልብሱ ላይ ያለውን አቧራ ፈርቶ አልተከተላቸውም።

ከዚያ በኋላ ያልሠራው የለም። ምንጣፉን አቃጠለ፤ የሙቀት ቱቦዎቹን ነቅሎ ጣለ፤ ግድግዳውን በርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና ቀባው። ማሽኑን ግቢው ጥግ ወደሠራው የቆርቆሮ ቤት አዛወረ። ሲጨርስ ስልክ ደወለ።

“ቤቱ ጸድቷል፣ ዳርሊን።”

“ኮሪን ግን አልጸዳችም” ብላ ዘጋችው።

ሌላ ሙያ አያውቅምና ቀለበቱን መሥራት አልተወም። ስሙ እየገነነ ሄደ። አንዴ አንድ ሰው ከዋዮሚንግ ግዛት ድረስ ነድቶ መጥቶ እጁን ጨበጠውና “እንዳንተ ያለ ጠንቃቃ ሰው አላየሁም” አለው። ኦርቪል እጁን ነጠቀው። ሰውየው ተቀይሞ ሄደ።

ዳርሊንንና ኮሪንን ዳግመኛ ያያቸው ከዓመታት በኋላ፣ በሌስተር ቀብር ነው። ኮሪን ረዝማለች፣ የሴት አያቷን አገጭ ይዛለች። ከቀብር መልስ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ የምግቡ ጠረጴዛ ዘንድ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

“እርስዎ ነዎት የእናቴ አባት?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“እዚች ምግቡ ፊት ያለች ወረቀት ላይ ምን ተጽፏል? ፊደል ይምታታብኛል።”

“‘የድንች ጥብስ’ ይላል” አላት። “ኮሪን፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…”

ዳርሊን ከኋላ ደርሳ ትከሻዋን ያዘች። “ሂጂ፣ የሎሚ ጭማቂ ቅጂ።” ልጅቷ ራቅ ስትል ወደ አባቷ ዞረች።

“ምን ልትላት ነበር?”

“ይቅርታ ልጠይቃት።”

“አትጠይቃትም። አሮጌ ቤት ውስጥ ስንኖር እርሳስ ካለበት የግድግዳ ቀለም ነው ያመመሽ ብያታለሁ። ሰው እንዳደረሰባት አታውቅም።”

“እኔን ለማዳን ነው?”

“አንተን? እሷን እንጂ! የጎዳት ያቀፋት ሰው እንደሆነ ከምታውቅ ቀለም መስሏት ብትኖር ይሻላታል። ያንተን ሸክም ለማቅለል የእሷን አታክብድብኝ።”

ኦርቪል እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ልጅቷ ጭማቂዋን ይዛ ስትመለስ “ደህና ይሁኑ” ብላ እጇን ዘረጋችለት። እጁን ከኪሱ ሳያወጣ አንገቱን ብቻ ደፋላት። ፊቷ ጥቁር አለ፤ እናቷ እየመራች ወሰደቻት።

መኪናቸው ሲነሳ በመስኮት እያየ ሳለ አንድ ገበሬ ሳህኑን እንደያዘ ጠጋ አለው።

“ኦርቪል፣ የኔ ቀለበት መቼ ይደርስልኛል? የአደን ወቅት መድረሱ እኮ ነው።”

“ለሚቀጥለው ሳምንት” አለ ኦርቪል።