የተውሶ ጫማ በበረዶው ሸንተረር ላይ

ያን ቅዳሜ ማለዳ ከሲያትሉ ሰፈራችን ከሬኒየር ቫሊ ስንነሳ ሦስት ነበርን፤ ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ወሩ ጥር ነው። ዓላማችን ከሲያትል በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች አንዱን በረዷማ ሸንተረር ወጥተን፣ ጫፉ ላይ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ ሳይመሽ መመለስ ነበር። ሐሳቡን ያመጣው መርሻ ነው። መርሻ ባለ ግሮሰሪ ነው፤ ተራራ መውጣትን ከፈረንጅ ጎረቤቱ ተምሮ እኛንም ካላስተማርኩ ይል ነበር። ግርማ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ እየሠራ ልጆቹን ያሳድጋል። እኔ በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ አገር ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ብዙ አልናገርም። ይህን ጉዞም ከዚያን ቀን ወዲህ ለማንም አላወራሁትም፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም።

ግርማ የበረዶ ጫማ ስላልነበረው መርሻ ትርፉን አዋሰው።

«ልክህ ነው?» አለው፣ መኪናው ውስጥ ሲያጠልቅ።

«ለእኔ የተሰፋ ነው የሚመስለው» አለ ግርማ።

ከከተማው በስተምሥራቅ ያለውን ሐይቅ በድልድይ ተሻገርን። መንገዱ ሽቅብ እያለ ሲሄድ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። አንድ ነዳጅ ማደያ ቆመን ለጎማዎቹ ሰንሰለት አሰርን፤ ውሃ ውሃ የሚል ቡናም ጠጣን።

ሽቅብ

በጥዱ ጫካ ውስጥ በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል። መርሻ ከፊት መንገድ ይከፍታል፤ ግርማ ከኋላ ይጎተታል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ ጋሼ። እርስዎ ብቻ ይጠንቀቁ።»

በበረዶ መንሸራተቻ ቁልቁል የሚወርድ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ የግርማን አረማመድ አይቶ ቆመና እግሩን አሞት እንደሆነ ጠየቀው።

«ኖ ፕሮብሌም» አለው ግርማ እየሳቀ።

ሸንተረሩ ላይ

ከዛፎቹ በላይ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ጫፉ በቅርብ ይታያል። ግርማ ድንገት ፈገግ ብሎ፣ «አሁንማ ተሻለኝ» አለ፤ «ጣቶቼ ጭራሽ አይሰሙኝም።»

«ተቀመጥና ጫማህን አውልቅ።»

«ጋሼ፣ ደረስን እኮ። በእኔ ምክንያት መንገዳችሁ…»

«አውልቅ አልኩህ።»

ከመምህርነት ወዲህ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ጣቶቹ ሻማ መስለው ነጥተዋል። መርሻ ተንበርክኮ ጃኬቱን ከፈተና ሁለቱንም እግሮች ከሆዱ ጋር አጣበቃቸው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰጥተኸኝ ጠበበኝ ልበል?»

«ስንት ቁጥር ነህ ስልህ አርባ ሁለት አላልከኝም?»

«ያለህ አርባ ሁለት ነበራ።»

መርሻ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከብርዱ ይልቅ ያ ሳቅ አንገበገበኝ። አንድ ሰው ወዳጁ ቅር እንዳይለው ብሎ የልጆቹን እንጀራ የሚያመጣበትን እግር ለበረዶ ይሰጣል፤ እኛም ይህን ጨዋነት እንለዋለን። መርሻም ቢሆን «ልክህ ነው?» ሲል የጠበቀው አንድ መልስ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ እዚያው ነገርኳቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ፤ የደፉት ግን ስላመኑ አይደለም፣ በዕድሜ ስለምበልጣቸው ነው። ይህም ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

ጣቶቹ ቀስ በቀስ ሲቀሉ ግርማ በሕመሙ አለቀሰ። የእኔ ጫማ በሁለት ካልሲ የማደርገው ሰፊ ስለነበር ለእሱ ሰጠሁት፤ እኔም አንዱን ካልሲ አውልቄ ግርማ ያወለቀውን የመርሻን ጫማ አጠለቅሁ። ወደ ጫፉ ሳንወጣ ተመለስን። ካሜራው ከቦርሳ አልወጣም።

መልስ

ቤቱ ስንደርስ የግርማ ባለቤት ጽጌ በሩን ከፈተች።

«እንዴት ነበር?»

«በጣም ደስ ይላል!» አለ ግርማ፣ ግድግዳውን ተደግፎ።

«ውሸቱን ነው» አልኩ። «የጠበበ ጫማ አድርጎ ጣቶቹን ብርድ ሊቆርጣቸው ነበር። ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው።»

ግርማ በሰው ፊት እንደ ሰደብኩት ሁሉ አየኝ። ጽጌ ግን ጎንበስ ብላ ካልሲውን ገልጣ አየችና፣ ለመርሻ መኪናውን እንዳያጠፋ ነገረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እስክንመለስ ከልጆቹ ጋር ይቆዩልን። እራት ቀርቧል፤ ምንም አልቀመሱም ይሆናል።»

ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ስንት ዘመን በየሰው ቤት ደጃፍ ያልኩት «በልቻለሁ» ምላሴ ላይ መጣ።

«ርቦኛል» አልኳትና ገባሁ።