የሚዞረው ምሰሶ

እዚህ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ የርግብ ኩስ ከሸተተኝ፣ ወዲያው የእናቴ ግንባር ትዝ ይለኛል። ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን የሚይዝላት ሰው ስለማታገኝ፣ ሊትልተን ከተማ ተቀጥራ ወደምትጦራቸው ፈረንጅ አሮጊት ቤት ይዛኝ ትሄድ ነበር። ከጓሮው ባለ ስምንት ማዕዘን፣ ጣሪያው ሾጣጣ የሆነ ጥንታዊ የእንጨት ቤት ቆሟል። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን «እሰይ! ቤተ ክርስቲያን!» ብላ ጫማዋን አወለቀችና መቃኑን ተሳለመች። በሩን ስትከፍተው ርግቦች ግር ብለው ተነሡ። አሮጊቷ «የርግብ ቤት እኮ ነው!» ብለው በሳቅ ፍርስ አሉ። እሷ ምን ቸገራት! «መንፈስ ቅዱስስ በምን አምሳል ወረደና?» አለችኝ።

ምን ዓይነት ቤት ነበር መሰላችሁ! ቋሚና ወራጁ ያለ አንዲት ምስማር በእንጨት ችንካር የተያያዘ፣ በመሃል በመሃሉ ጭድ የገባበት ጭቃ የተመረገ፣ ግድግዳው ከታች እስከ ጣሪያ ጎጆ በጎጆ የሆነ። ደረቅ ሣር፣ ላባና አሮጌ እንጨት ይሸታል። መሃሉ ላይ መሰላል የተገጠመለት ወፍራም ምሰሶ አለ፤ መሰላሉን ሲገፉት ምሰሶው አብሮ ይዞራል። ድሮ ከየጎጆው እንቁላል የሚለቅሙት እንደዚያ ነበር።

እናቴ ይህን አላወቀችም። ግንባሯን ምሰሶው ላይ ደፍታ፣ አዲስ አበባ ቪዛ ለሚጠብቀው አባቴ ስትጸልይ እኔ መሰላሉን ገፋሁት። ምሰሶው ሲዞር እልልታዋን አቀለጠችው! ቀና ስትል አየችኝና «አንቺ ጉደኛ!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነብን። ግንባሯን ደፍታ «አዙሪው» ትለኛለች፤ ሲጢጥ ብሎ ሲዞር «ሰምቶናል፣ ይመጣል» ትላለች። ማታ በስልክ ለአባቴም ትነግረዋለች።

አልመጣም። ኢንተርቪው ሲጠብቅ ታሞ ሞተ።

ዛሬ እናቴ ብዙ ነገር ትረሳለች፤ የአባቴን ሞት እንኳ። ባለፈው ቅዳሜ «ሊትልተን ውሰጂኝ» ብላ አላስቀምጥ ስትለኝ ወሰድኳት። አሮጊቷ ካረፉ ቆይተዋል፤ የርግቡ ቤትም ቅርስ ነው ተብሎ ታድሷል። አምሮበታል፣ አልዋሽም። እንጨቱ ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ ጎጆዎቹ ተጠርገው ሽቦ ተወጥሮባቸዋል። አንድም ርግብ የለም። እናቴ ጫማዋን አውልቃ መቃኑን ተሳለመች፤ ግንባሯን ምሰሶው ላይ ደፋችና «አዙሪው» አለችኝ።

ድሮ በእነዚያ ትንንሽ እጆቼ የማዞረውን በትከሻዬ ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም። አንዲት አስጎብኚ ወጣት ጠጋ ብላ፣ ለሴፍቲ ሲባል በብሎን መታሰሩን በትሕትና በእንግሊዝኛ ነገረችኝ።

እናቴ ግንባሯን ሳታነሣ ጠበቀች።

«አልዞረም?» አለች።

እንደገና በትከሻዬ ገፋሁት።

«እንግዲያው አይመጣም ማለት ነው» አለችና እንደ አዲስ አለቀሰች።

ያኔ መርዶዋን ስትረዳ የአፓርትመንቱ ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጥቶ አብሯት አልቅሷል። አሁን ግን መርዶ ነጋሪዋም አልቃሿም እኔው ብቻ ሆንኩ፤ ያወለቀችውን ጫማ በእጄ ይዤ።